የቡና ብር እስከ ክረምት እንዲደርስ

በጅማ የገንዘብ ነገር ለቸገረው ሁሉ ይጠቆሙ የነበሩት አዛውንት አማካሪ አርፈዋል። ጡረታ ከወጡም በኋላ ደብተር ይዞ የመጣን ሰው አይመልሱም ነበር። ስለ ደግነታቸው ለቅሶው ላይ ብዙ ተብሏል፤ እዚህ የሚጻፈው አሠራራቸው ነው።

ገበሬን መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት እንደሚያገኝ ሳይሆን መቼ እንደሚያገኝ ነበር። ቡና በአብዛኛው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ወጪው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ስለዚህ ከሽያጩ ላይ በቅድሚያ የለቃሚ ክፍያ፣ ቀጥሎ የክረምት ቀለብና የመስከረም የትምህርት ወጪ ይነሳል፤ የተረፈው ለ12 ወር ይካፈላል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ብሩ ቀድሞ ያልቅና የሚቀጥለው ቡና ገና ዛፍ ላይ እያለ በርካሽ ይሸጣል።

ብድር ላይ ጥብቅ ነበሩ። 12,000 ብር በ15 በመቶ ለአንድ ዓመት ተወሰደ እንበል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመነሻው ብር ላይ ከታሰበ 1,800 ብር ነው። በየወሩ ከዋናው 1,000 ብር እየተከፈለ በቀሪው ላይ ከታሰበ ግን 975 ብር ብቻ። ውሉ ላይ ሁለቱም «15 በመቶ» ተብለው ይጻፋሉ፤ ተበዳሪ የሚጎዳውም እዚህ ጋ ነው።

እቁብን አይንቁም። ቀድሞ የወጣለት ያለ ወለድ ተበድሯል፣ መጨረሻ የደረሰው አበድሯል። የሚፈርሰው ቀድሞ የወሰደው መክፈል ሲያቆም ስለሆነ፣ ዋስ ሳይፈርም ብር አይሰጥ ይሉ ነበር።

የግል ድርጅት ተቀጣሪዎችን ደግሞ ከደመወዛቸው የተቆረጠው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ ጋር ለጡረታ መግባቱን በየጊዜው ያስጣሯቸው ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሰነዱን ማግኘት ይከብዳል።