ፎኑን አጥፍታ የሰማችኝ ፀጉር ሠሪ

ዛሬ ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ ስለ ሄለነ ፎን ዶኒገስ አነበብኩና አላስቻለኝም፣ ተራዬ ሲደርስ ለፀጉር ሠሪዬ ተረኩላት። ሴትየዋ የባቫሪያ ዲፕሎማት ልጅ ናት፣ የባላባት ቤት። እ.ኤ.አ. በ1864 ጀርመናዊው ሶሻሊስት ፈርዲናንድ ላሳል በእሷ የተነሳ ጄኔቫ አጠገብ ሽጉጥ ተታኩሶ ቆሰለና በሦስተኛው ቀን ሞተ። እሷስ ማንን አገባች? የተኮሰውን! ራኮቪጻ የሚባል መስፍን። እሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ እሷም ተዋናይ ሆና መድረክ ላይ ወጣች።

ፀጉር ሠሪዋ የፀጉር ማድረቂያ ፎኑን ቀጭ አድርጋ አጠፋችው። "ውይ! እና መድረክ ላይ ስታለቅስ እውነቷን ይሁን ትወና በምን ያውቁባታል?"

መልስ አጣሁ። ስለ ላሳል ሲወራ እሷ የሞቱ ሰበብ ብቻ ናት፣ የራሷን ለቅሶ ማንም አይጠይቅም (እኔም አልጠየቅኩም)።

"ከዚያስ?" አለችኝ ፎኑን መልሳ እያበራች።

"ከዚያማ ተዋናይ አገባች።"