ሠላሳ ሰባቷ ሳንቲም

ግንቦት 2016 ነው። ጎማ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የ2017 በጀት ሊዘጋጅ ሲል ባለቤቱ፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ አንድ የኢኮኖሚ አማካሪ አመጡ። ሰውዬው ላፕቶፑን ከፍቶ «ዶላር በዓመቱ በአማካይ 61.37 ብር ይሆናል» አለን።

ባንክ ያኔ 57 ብር ገደማ ነበር። እኔን የያዘችኝ ግን ሳንቲሟ ናት።

«ሠላሳ ሰባቷ ከየት መጣች?» አልኩት።

«ሞዴሉ ነው ያወጣት።»

ከዚህ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? ድፍን 60 ቢለን ከኪሱ ያወጣት ይመስለን ነበር። ሳንቲም ድረስ የቆጠረ ሰው ግን ይታመናል። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ራሴን እየነቀነቅሁ ጻፍኳት።

የግዢው ልጅ ብቻ ከጥግ ሆኖ «ጥቁር ገበያው እኮ ከመቶ አልፏል» አለ።

አማካሪው ፈገግ አለ። «እሱ ሞዴሉ ውስጥ አይገባም።»

ሐምሌ 22፣ ሰኞ። በጀቱ ከተጀመረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። የንግድ ባንክ መግዣ ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም በአንድ ጊዜ 74 ብር ከ73 ገባ። አይኤምኤፍም በዚያው ቀን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራሙን አጸደቀ። እኔ ኤክሴሌን ከፈትኩ። 61.37 በየሳጥኑ ተኮፍሳ ተቀምጣለች። ክፍያው ያልተወራረደ ሁለት ኮንቴይነር ጎማ ነበረን፤ ሒሳቡን ሠርቼ ሳልጨርስ ጋሼ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ምንም አላሉም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ አማካሪው አዲስ ሪፖርት ላከ። ለውጡ ለምን የማይቀር እንደነበር ይተነትናል። አንድ በአንድ አነበብኩት። ግሩም ጽሑፍ ነው፣ ያናድዳል። «ግንቦት ላይ የት ነበርክ?» ብዬ ኢሜይል ጻፍኩና ሰረዝኩት።

የግዢው ልጅ ደግሞ ነቢይ ሆነ። ጋሼ በየማለዳው ቢሮ ያስጠሩታል። «ዶላር እስከ ገና 200 ይገባል፣ ጎማውን አይሽጡ» አላቸው። አልሸጡም። ጥር ላይ ባንክ በ120ዎቹ ውስጥ ነው፣ ጎማው መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል፣ የመጋዘን ኪራይ ደግሞ ሞዴል አይጠብቅም። ልጁ ወደ ጥጉ ተመለሰ።

ግንቦት 2017 በጀት ደረሰ። ጋሼ ያንኑ አማካሪ አስጠሩት። ግራ ገብቶኝ ሳያቸው «ምን ላድርግ? ባንኩ ለብድሩ ጥናት አምጡ ይላል» አሉኝ።

ጥናቱ መጣ። መጀመሪያ የገለጥኩት የቁጥሩን ገጽ ነው።

«ሳንቲም አለው?» አሉ ጋሼ ከበሩ ላይ።

«አለው።»

«በል ፋይሉ ውስጥ አስገባው።»