የሙሴ ነርሲስን ሕይወት እንዴት ጻፍኩት

ስለ ሙዚቃ አቀናባሪውና የኦርኬስትራ መሪው ነርሲስ ናልባንዲያን ("ሙሴ" ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ እንደ "አቶ" ያለ መጠሪያ ነው) እየጻፍኩ ነው ስል ብዙ ሰው "የድሮውን የንጉሡን ዘመን መዝሙር የደረሱት አርመናዊ አይደሉም እንዴ?" ይለኝ ነበር። አይደሉም። የመዝሙሩን ዜማ የደረሱት አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ኬቮርክ በ1924 በፈረንጅ አቆጣጠር ከ"አርባ ልጆች" ጋር የመጡት የባንድ መሪ ናቸው። ልጆቹ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም አግኝተው ያስመጧቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን ናቸው። ነርሲስ ግን ከአርባዎቹ አንዱ አይደሉም። በ1915፣ ይህም በፈረንጅ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው አይንታብ ተወለዱ፣ ሶርያ ሐለብ አደጉ፣ አዲስ አበባ የደረሱት ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ መጻፍ ሳይሆን መለየት ሆነ። አንድ ደብተር ሦስት ቦታ ከፈልኩ። በአንዱ ኬቮርክ፣ በሁለተኛው ነርሲስ፣ በሦስተኛው "ናልባንዲያን" ብቻ። ጋዜጣውም መጽሐፉም ብዙ ጊዜ የሚጠራው የቤተሰቡን ስም ብቻ ነው። ሦስተኛው ዓምድ መጀመሪያ ላይ ከሁለቱ ይበልጥ ነበር። የአንድን መረጃ ባለቤት በሌላ ማስረጃ እስካላረጋገጥኩ ድረስ ከዚያ ዓምድ አላወጣሁትም። አሰልቺ ነው። ግን መጽሐፉን በእግሩ ያቆመው ይህ ደብተር ነው።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር መጣ። ነርሲስ የሠሩበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የተከፈተው በንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነው። አንዱ ጽሑፍ 1948 ይላል፣ ሌላው 1955። ሁለቱም ልክ ናቸው። በዓሉ ጥቅምት ላይ ስለሚውል ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። 8 የሚቀንስ ሰው ግን አንድ ዓመት ይስታል። ይህ ሲደጋገም ሰውየው ገና ሥራ ሳይጀምሩ ኮንሰርት መርተው ይገኛሉ። ስለዚህ ወሩን ሳላውቅ ዓመተ ምሕረት አልቀየርኩም። ምንጩ የሰጠኝን እንዳለ ጻፍኩና አጠገቡ "ኢ" ወይም "ፈ" አደረግሁበት።

የቴአትር ሙዚቃ ሰው ታሪክ ከዘፋኝ ታሪክ በጣም ይከብዳል። ዘፋኙ ፎቶ አለው፣ ሸክላ አለው፣ የሚያዜምለት ሕዝብ አለው። ኖታውን ጽፎ፣ ኦርኬስትራውን አለማምዶ፣ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ የሚቆመው ሰውዬ ግን ድራማው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ተመልካቹ ዘፈኑን የሚያስታውሰው በዘፋኙ ስም ነው። እኔም ስማቸውን እየፈለግሁ ከመሄድ ይልቅ ሥራውን መከተል ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ይሄ ዜማ መድረክ እስኪደርስ በማን በማን እጅ አለፈ? ማን ደረሰው? ለባንድ ማን አቀናበረው? ማን መራው? አንዳንዴ ሦስቱም አንድ ሰው ነው፣ አንዳንዴ ሦስት ሰዎች ናቸው። "የነርሲስ ሥራ" ብሎ በደፈናው መጻፍ ለሌሎቹ ግፍ ነው። ቴአትር ቤቱ ራሱ የአንድ ሰው ቤት አልነበረም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙዚቃውን ይመሩ የነበሩት ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር ናቸው።

ኖታ ማንበብ እምብዛም ስለማልችል አንድ የሙዚቃ ተማሪ ለመንኩ። ያገኘነውን በፒያኖ እየተጫወተ ያሰማኛል፣ እኔ እጠይቃለሁ። ከእሱ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር፣ የአንደኛው ትራምፔት ተጫዋች ኖታ ብቻውን ዜማውን እንደማያሳይ ነው። ስድስት ባር (ኖታ በምት የሚከፈልባቸው እኩል ክፍሎች) ዝም ይልና ሁለት ድምፅ ይነፋል፣ ከዚያ መልሶ ዝም። ዜማውን የያዘው ሌላ መሣሪያ ነው። የየመሣሪያው ወረቀት ተሰብስቦ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው የአቀናባሪው ሐሳብ የሚታየው። ተጫዋቾች በእርሳስ የጫሩትን ደግሞ አትለፉት። የተሰረዘ መስመር፣ "እዚህ ድገም" የሚል ማስታወሻ፣ የዘፋኝ ስም... ከታተመ ፕሮግራም ይልቅ ስለ ልምምዱ የሚነግረን ይህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጽሐፉ ልብ ሆነ። ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች አንዱን፣ ትዝታ ሜጀርን ውሰዱ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉም። በዚህ ላይ የፈረንጅ አኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ልደርድር ስትል የምትፈልገው ድምፅ ብዙ ጊዜ ቅኝቱ ውስጥ የለም። ካስገባኸው ዜማው የእኛ መሆኑ ይቀራል። ከተውከው ደግሞ ያ ሁሉ ሳክስፎንና ትራምፔት አንድ ዜማ እየደገመ ይቀመጣል። ነርሲስ የታገሉት ከዚህ ጋር ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ "ድንቅ ሙዚቃ"፣ "ውብ ቅንብር" የሚሉ ቃላትን ከረቂቄ ጠራርጌ አወጣሁ። በቦታቸው ድምፁ ምን እንደሚያደርግ ጻፍኩ። ሥራዎቻቸውን መስማት ለሚፈልግ ደግሞ ኢትዮፒክስ የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 32ኛው ቁጥር ሙሉውን ለእሳቸው የተሰጠ ነው። የሚጫወተው ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ከኢትዮጵያውያን እንግዶች ጋር ነው። እኔ ምዕራፎቹን የጻፍኩት እሱን እየሰማሁ ነው።

ሰው ማነጋገርም የራሱ ዘዴ አለው። "ሙሴ ነርሲስ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁሌም አንድ ነበር፦ "ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር።" አለቀ። ከዚህ ምን ይጻፋል? አንድ ጡረታ የወጡ ሙዚቀኛ ቤት ጥያቄዬን ቀየርኩ።

"ጋሼ፣ ልምምድ ላይ እርስዎ የት ነበር የሚቀመጡት?"

ቡናቸውን አስቀመጡና የጠረጴዛውን ጨርቅ ገፋ አድርገው በጣታቸው ሣሉልኝ። "እዚህ ሳክስፎን። እዚህ እኔ። ከበሮው ከኋላ። ሙሴ ደግሞ እዚህ፣ ልጄ።" ከዚያ ማን ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ ኖታውን ማን እንደሚያድል፣ ደመወዝ ሲዘገይ ማን ከማን እንደሚበደር ወረደልኝ። ሰው ስለ ጠባይ ሲጠየቅ ይጠነቀቃል፣ ስለ ወንበር ሲጠየቅ ግን ያወራል። እርግጥ የሰማሁትን ሁሉ አላመንኩም። ዓመት ከሆነ ጋዜጣ ላይ ሄጄ አየሁ። ሐሜት ከሆነ እዚያው ተውኩት። ስለዚህ ነው አዲስ ዘመንን ቁጭ ብሎ ማገላበጥ የማይቀረው። የትኬት ዋጋና የፕሮግራም ማስታወቂያ ሳይቀር ጠቃሚ ነው። አንድ መዝገብ ቤት ደግሞ "ነገ ተመለስ" እያለ አመላልሶኛል። እሱን ለማሸነፍ ያገኘሁት ብቸኛ መንገድ የምፈልገውን በቀንና በርዕስ ለይቶ በጽሑፍ ማስገባት ነው። "ስለ ሙዚቃ ያላችሁን" ለሚል ሰው ማንም ፋይል አያወጣም።

ከየት ልጀምር የሚለው ብዙ አሟግቶኛል። አይንታብ፣ 1915፣ የአርመኖች እልቂት። ማንም አንባቢ ከዚያ ጀምሮ ያነባል። ወዳጆቼም "ከዚያ ጀምር እንጂ!" አሉኝ። አልጀመርኩም። ከስደቱ ከጀመርክ መጽሐፉ የስደተኛ ታሪክ ይሆንና ሙዚቃው ማጀቢያ ሆኖ ይቀራል። የእኔ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የሠሩ፣ ያስተማሩ፣ በ1977 (ፈ) የሞቱ የሙዚቃ ሰው ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያው ምዕራፍ የልምምድ ክፍል ነው፤ አይንታብ ሦስተኛው ላይ ይመጣል፣ አንባቢው "ይህን ከየት ተማሩት?" ብሎ መጠየቅ ሲጀምር።

የመጨረሻው የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጸሐፊ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ያስታውሰዋል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ኢ) መሠረት የአንድ ሥራ የኢኮኖሚ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ከ1977 (ፈ) ጀምረህ ቁጠር፣ 2027 (ፈ) ነው። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ኖታ ለማሳተም ወራሾችን ማስፈቀድ ግድ ነው። ፎቶ ደግሞ የራሱ ባለቤት አለው፤ የተነሳው ሰው ቤተሰብ ስለሰጠህ ብቻ የፎቶ አንሺው መብት አይቀርም። እኔ ለእያንዳንዱ ሥዕልና ኖታ ከማን እንዳገኘሁት፣ ማን እንደፈቀደልኝና መቼ እንደሆነ የጻፍኩበት አንድ ወረቀት ነበረኝ። አሳታሚው መጀመሪያ የጠየቀኝም እሱን ነው።