ሰባተኛው የሰርግ ወቅት፦ ከቦርሳዬ የወጣውና የቀረው

የጥር ሰርጎች አልቀው ዐቢይ ጾም ሲገባ ፋታ ስለማገኝ፣ የሰርግ ፎቶ የማነሳበትን የሥራ ቦርሳዬን ምንጣፍ ላይ ዘርግፌ እያንዳንዱን ዕቃ በሻንጣ ሚዛን መመዘን ልማዴ ሆኗል። ዘንድሮ ቦርሳው ከነዕቃው 7 ኪሎ ገደማ መዘነ፤ ከአራት ዓመት በፊት ግን 13 ኪሎ ነበር። የሚገርመው በዚያን ጊዜ የነበረኝ የመጠባበቂያ ዕቃ አሁን ካለኝ ያነሰ ነው። የቀነሰው ሌንስ ሲሆን የጨመረው ባትሪ፣ ሜሞሪና ሁለተኛ ቦዲ (ሌንሱ የሚገጠምበት የካሜራው አካል) ነው። ከባልደረቦቼ፣ በተለይም አዲስ ከጀመሩት፣ ዘወትር የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ቀጥሎ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» የሚል በመሆኑ፣ የእኔ መልስ ለምን ከሌንስ እንደማይጀምር በዝርዝር ላካፍል።

ሥራውን ስጀምር የራሴ የምለው አንድ ካኖን 6ዲ እና አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ መታወቂያ እያስያዝኩ በቀን ሒሳብ እከራይ ነበር። 6ዲ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 20 ሜጋ ፒክስል ያለው፣ ደብዛዛ ብርሃንን በሚገባ የሚችል ካሜራ ነው። የሜሞሪ ማስገቢያው ግን አንድ ብቻ ነው፤ የዚህን ትርጉም የተረዳሁት በሦስተኛው ዓመት፣ ዋጋ ከፍዬ ነው።

በዚያ ሰርግ ጠዋት ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሙሽሪትን ለመውሰድ ከመጣ በኋላ፣ ጥንዶቹ የወላጆችንና የአያቶችን ጉልበት ሲስሙ ፎቶ አነሳሁ። ሳሎኑ ጠባብ ስለነበር ጀርባዬ ግድግዳውን፣ ክርኔ የቡፌውን መስታወት ይነካ ነበር። የሙሽሪት አያት ነጠላቸውን አደግድገው፣ ልጅቱን ከተንበረከከችበት ቀና እንዳትል በሁለት እጃቸው ጭንቅላቷን ይዘው ረዥም ምርቃት አወረዱ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሜሞሪውን ኮምፒውተር ውስጥ ስከት «ይህ ካርድ አይነበብም» አለኝ። በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም አብዛኛውን አወጣሁ፤ 40 ያህሉ ግን ጠፉ፣ የአያትየው ምርቃት ከጠፉት መካከል ነበር። በማግስቱ መልሱ ላይ ይደገም እንዳልል እሳቸው ጎህ ሲቀድ ወደ ገጠር ተመልሰዋል። ለሙሽሪት እናት ስነግራቸው «አይዞህ ልጄ፣ እኛ በዓይናችን አይተነዋል» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የገዛሁት የመጀመሪያው ዕቃ ያገለገለ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ሲሆን፣ የገዛሁትም 30 ሜጋ ፒክስሉን ፈልጌ ሳይሆን ሁለት የሜሞሪ ማስገቢያ ስላለው ነው። አንደኛው ሲኤፍ፣ ሁለተኛው ኤስዲ የሚባለውን የሜሞሪ ካርድ ዓይነት ይወስዳል። በመጀመሪያ ሁለቱም ላይ ሮው (ያልተጨመቀ ጥሬ ምስል) እንዲጽፍ አድርጌው ነበር፤ ነገር ግን የኤስዲው መስመር ዘገምተኛ በመሆኑ፣ ሙሽሮቹ እልልታው እየቀለጠ ወደ አዳራሽ ሲገቡ በተከታታይ ሳነሳ ካሜራው መሀል ላይ እየቆመ አስቸገረኝ። አሁን ሮውን በሲኤፍ፣ ትልቁን ጄፔግ (የተጨመቀውን ምስል) በኤስዲ እይዛለሁ፤ አንዱ ቢበላሽ ለአልበም የሚበቃ ምስል በሌላው ይተርፋል። ቤት እስክገባም ካርዶቹን እለያያለሁ፤ ሲኤፉ ከቦርሳው፣ ኤስዲው ከደረት ኪሴ አይወጣም። አሮጌው 6ዲ አልተሸጠም፤ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደተገጠመለት ትከሻዬ ላይ ይውላል።

ሌንስን በተመለከተ የቀሩኝ 24-70 ኤፍ 2.8፣ 35 ኤፍ 2 እና 85 ኤፍ 1.8 ናቸው (የፊተኛው ቁጥር ሚሊ ሜትር ሲሆን ባነሰ መጠን ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ደግሞ ብዙ ብርሃን ይገባል)። ጉልበት ሲሳም 35ቱ ግድ ነው፤ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ በ85 ለማንሳት የሚሞክር ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ መቆም ይኖርበታል። 16-35ቱን የሸጥኩት ዳር የቆሙ ሚዜዎችን ፊት ስለሚለጥጥብኝ ነው። ቀለበት ለማንሳት ብቻ የያዝኩትን ባለ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮም (ትንሽ ነገርን ተጠግቶ የሚያነሳ ሌንስ) ሸጬዋለሁ፤ ለሁለት ፎቶ ብሎ ቀኑን ሙሉ ከግማሽ ኪሎ በላይ መሸከም ትርፍ የለውም፣ በ85ቱ ላይ የምትገጠም ቀላል ኤክስቴንሽን ቲዩብ (በሌንሱና በካሜራው መካከል የምትገባ ባዶ ቀለበት) ያንኑ ሥራ ትሠራለች። ብዙ ባልደረቦቼ የሚከራከሩኝ በ70-200 ኤፍ 2.8 ላይ ነው። ሌንሱ ግሩም መሆኑን አልክድም፤ የምከራየው ዓይነት ግን 1 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ክብደት ያለው ነጭ ቱቦ ስለሆነ፣ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ሲያስፈልገኝ እከራየዋለሁ።

የተክሊል ሥርዓት ለብቻው ዝግጅት ይጠይቃል። ከቅዳሴ ጋር ስለሚፈጸም ገና ጎህ ሳይቀድ እንገባለን፤ ብርሃኑ ጧፍና ጥቂት አምፖል ነው፣ ፍላሽም አላበራም። 85ቱን ኤፍ 2 ላይ፣ ሻተሩን (ካሜራው ለብርሃን የሚከፈትበትን ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጌ አይ ኤስ ኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 6400 እወስዳለሁ፤ በዚህ ምክንያት ምስሉ ላይ የሚታየውን ሽርክት ከአገልጋይ ቁጣ እመርጠዋለሁ። የት ድረስ መጠጋት እንደሚፈቀድልኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ጫማ ስለሚወለቅ ንጹሕ ካልሲም ከዕቃዎቼ አንዱ ነው፤ የሚያስቅ ቢመስልም፣ ጣቱ በተቀደደ ካልሲ ካህናት ፊት ተንበርክኮ ያነሳ ሰው ይረዳኛል።

ሻተሩን 1/100 ላይ የማቆመው በምክንያት ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ፣ በእያንዳንዱም ሁለት ጊዜ የሚደምቅ) ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። በ1/500 ስናነሳ አንዱ ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩ ቡናማ የሚሆንብን ከዚህ የተነሳ ሲሆን፣ 1/100 ግን አንዱን ዑደት ሙሉ ስለሚይዝ ልዩነቱ ይጠፋል። 5ዲ ማርክ 4 ይህን የሚቆጣጠር የፀረ ብልጭታ ማስተካከያ አለው፤ 6ዲ ግን የለውም። ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ካሜራዬን ስወቅስ ኖሬአለሁ።

ፍላሽን በሚመለከት በሊትየም ባትሪ የሚሠሩ ሁለት የጎዶክስ ፍላሾች፣ ከርቀት የሚያበራቸው አንድ ትሪገርና አንድ ቀላል ስታንድ ይበቁኛል። ነጭ ድንኳን የፎቶግራፈር ወዳጅ ነው፤ ፍላሹን ወደ ላይ ስናዞረው ጣሪያው በሙሉ እንደ ሶፍትቦክስ (ብርሃንን እንደሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ያገለግላል። ችግሩ የዲኮር ባለሙያዎች ጣሪያውን በሐምራዊ ወይም በቀይ ጨርቅ ሲሸፍኑት ነው። ብርሃኑ የጨርቁን ቀለም ይዞ ስለሚወርድ የሙሽሪት ፊት ቀይ ሥር የበላች ይመስላል፣ ኤዲቲንግ ላይ ቆዳዋን ስናስተካክል ደግሞ ቬሎው አረንጓዴ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ፍላሹን ከካሜራው አውርጄ በስታንድ ከጎን አቆመዋለሁ።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ የእኛን ሰርግ አያውቅም። ፍሬሙን ቬሎ ወይም ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ሲሞላው ነጩን ወደ ግራጫ ሊያወርድ ስለሚሞክር ጠይም ፊት ከሚገባው በላይ ይጨልማል፤ ሙሽራው በጥቁር ካባ ብቻውን ሲቆም ደግሞ የተገላቢጦሹ ይሆናል። ስለዚህ በስፖት (አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው ዘዴ) ፊት ላይ እለካለሁ፤ ከዚያም የጥለቱና የጨርቁ ሽመና በሂስቶግራሙ (የምስሉን ጨለማና ብርሃን በሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጫፍ አለመጥፋቱን አያለሁ።

ባትሪ ድሮ የምሞላው በሰርጉ ዋዜማ ነበር። አንድ ዓርብ ምሽት መብራት ሄዶ ቅዳሜ ጠዋት ሳይመጣ በመቅረቱ፣ ሙሽሪት የምትዋብበት የውበት ሳሎን ጄኔሬተር ላይ ቻርጀሬን ሰክቼ ከፀጉር ማድረቂያ ጋር ተሻምቻለሁ። አሁን ሐሙስ እሞላለሁ። ለካሜራዎቹ ስድስት፣ ለፍላሾቹ አራት ባትሪ አለኝ፤ የሞላው ፊቱ ወደ ላይ፣ ያለቀው ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣል። በጎን ኪስ ማከፋፈያ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ነጭ ክር፣ ለዝናብ ፌስታልና አንድ እፍኝ ቆሎ አለ፤ ሰው ምሳ ሲበላ እኛ የምናነሳው ኬክ ሲቆረስ ነውና።

ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው ወቅት ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ቦዲ ለመግዛት አስቤ ነበር፤ የመስታወት ድምፅ አለመኖሩ ለተክሊል ይመቻል፣ የነባሮቹን ሌንሶችም በአዳፕተር መጠቀም ይቻላል። ሆኖም ያ ድምፅ አልባ ሻተር ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ እላይ በተናገርኩት የመብራት ዑደት ምክንያት ፎቶው ላይ መስመር ሊያሰምር ስለሚችል፣ መጀመሪያ ለአንድ ቀን ተከራይቼ አምፖል ብቻ በበራበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልሞክረው ወስኛለሁ። ያየሁትን በሚቀጥለው ማስታወሻዬ አቀርባለሁ።