ከተሳቢ ጋር ስንጓዝ መንገድ የማቅደው ከመድረሻው ጀምሬ ነው

የድግስ ምግብ ሥራችን መነሻው ጅማ ነው። አንዱ ሳምንት አጋሮ፣ ሌላው ቦንጋ፣ ሲገኝ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ እንሄዳለን። ኩሽናችን ፒክአፕ የሚጎትተው ዝግ ተሳቢ ነው። ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ የዕቃ ማጠቢያው ሁሉ ውስጡ ነው። ሰዉ «ካራቫኑ» ይለዋል፤ በቁመትም በስፋትም ከካራቫን አያንስም።

ብቻውን የሚሄድ መኪና መንገድ ቢስት አዙሮ ይመለሳል። ተሳቢ የያዘ ግን እንደ ልቡ አያዞርም። ስለዚህ መንገድ ሳስብ ከደጋሹ በር እጀምርና ወደ ጅማ እመጣለሁ። መጀመሪያ የማጣራው ደርሼ የት እንደማዞር ነው። ያ ካልተመለሰ የቀረውን አላስበውም።

ይህን ለማወቅ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ሰው የሚመልሰው በሚሄድበት ነገር ልክ ነው። በሞተር የሚመላለስ ልጅ «አሪፍ ነው፣ ችግር የለውም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ለሞተር ችግር የለውም። እኔ የምጠይቀው «አይሱዙ በር ድረስ ይገባል?» ብዬ ነው። አሸዋና ብሎኬት ያስመጣ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ሰቃ አካባቢ ለልጃቸው ሠርግ የጠሩን እናት፣ «ኧረ ልጄ፣ አይሱዙ እስከ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በባጃጅ ነው የምናስገባው» አሉኝ። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ኩሽናውን በፈቃድ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አቆምን፣ ወጡ በባጃጅ ተመላለሰ።

ቀጥዬ «አይሱዙው ገብቶ ሲያበቃ የት ያዞራል?» እላለሁ። «በኋላ ማርሽ ነው የሚወጣው» ካሉኝ አልገባም። አይሱዙ አንድ አካል ነው፣ ወደ ኋላ ይወጣል። ተሳቢ ግን ወደ ኋላ ሲገፋ መሪው ከዞረበት በተቃራኒ ይሄዳል። አጭር ከሆነ ደግሞ በቅጽበት ይታጠፋል። በጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ቦይ ሆኖ፣ ያንን መሞከር ጎማ ቦይ ውስጥ መክተት ነው።

ስልክ ላይ ያለው ካርታ ይረዳል፣ ግን ተሳቢ እንደያዝኩ አያውቅም። አጭሩን መንገድ ሲመርጥልኝ ፒስታ ይሁን፣ አፋፍ ይሁን ግድ የለውም። ከሳተላይት በተነሳው ምስል ግን ሜዳና መታጠፊያ አይበታለሁ። ካርታውን ቤት ሳለሁ አወርደዋለሁ፣ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋልና።

ከዚያ ቁልቁለቱን አጠናለሁ። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ እኔ የምፈራው ቁልቁለቱን ነው። ዳገት ቢከብድ መኪናው ይዘገያል፤ በቁልቁለት ፍሬን ከጋለ ግን ማቆሚያ የለም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሁሉም የማስብበት የግቤ ሸለቆ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር፣ ወልቂጤ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው የግቤ ድልድይ ግን 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። በሄድንበትም በመጣንበትም ወርደን እንወጣለን ማለት ነው።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት የማቆምበት ሰፊ ቦታ በዕቅዴ ላይ ተጽፏል። እዚያ ወርደን ተሳቢውን ከመኪናው የሚያያይዘውን ጋንቾ፣ ሰንሰለቱን፣ የተሳቢውን መብራትና ጎማ እናያለን። ጎማ ሥር የሚገባው ታኮም እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ማርሹን የማወርደው ገና ሜዳው ላይ ሳለሁ ነው። ሞተሩ ይይዝልኛል፤ ፍሬን የምረግጠው ለአጭር ጊዜ ጠበቅ አድርጌ ነው፣ ከዚያ ለቅቄ አስበርደዋለሁ። እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ዘይቱን ያፈላዋል። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብዬ ለቅቄ መሪውን ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ። በድንጋጤ ፍሬን መምታት ወይም መሪ ማዟዟር ያባብሰዋል።

ወደ ቦንጋ ሲሆን ሸቤን አልፎ ወደ ጎጀብ የሚወርደው አለ። ጠመዝማዛ ነው፣ ጠዋት ጭጋግ አይጠፋውም። እዚያ በሰዓት አልጨናነቅም፤ ጭጋጉ እስኪነሳ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ መንገዱ ጭር ስለሚል በሌሊት መሄድ ይሻላል ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ያለ መብራት የቆመ መኪናና መንገድ ላይ የተኛ ከብት በሌሊት የሚታየው ከደረሱበት በኋላ ነው። ተሳቢ ይዞ ደግሞ ቶሎ አይቆምም።

ጭነቱም መንገድ ይወስናል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ 500 ሊትር ጋን ተሞልቶ ቢሄድ ግማሽ ቶን ይጨምራል፣ በዚያ ላይ በየመታጠፊያው ይንቦጫረቃል። ስለዚህ ባዶውን ይዘን እንሄዳለን፤ ውኃ የምንቀዳበት ቦታ ከመድረሻው ቅርብ መሆኑን አስቀድሜ አረጋግጣለሁ። ከባድ ዕቃ ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለል ላይ ይቀመጣል። ኋላው ከከበደ መወዛወዙ አይቀርም። የጋዝ ሲሊንደሩ ተዘግቶ፣ ቆሞ ይታሰራል።

ከተማ ውስጥ የምጠነቀቀው ለገበያ ቀንና ለቀኝ መታጠፊያ ነው። ሐሙስ በጅማው ሒርማታ ገበያ በኩል አላልፍም። ወደ ቀኝ ስታጠፍ ተሳቢው ጠርዙን ቆርጦ ይገባል፤ የቆመ ባጃጅ ካለ ይነካዋል። ነዳጅ የምቀዳውም በአንዱ በኩል ገብቼ በሌላው ከምወጣበት ማደያ ብቻ ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ድግስ ሲኖር ረዳቴ ቀድሞ በእግሩ ይወጣና መታጠፊያውን አይቶ ይደውልልኛል።

ከሰኔ ጀምሮ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «ሌሊቱን ቢዘንብ ጠዋት አይሱዙ ይወጣል?» ቀዩ አፈር ሲርስ ትናንት የገባንበት መንገድ ዛሬ ላያስወጣን ይችላል። «እሱ እንኳን ያጠራጥራል» ካሉኝ ኩሽናው አስፋልት ዳር ይቆማል። ደጋሹም ይህን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ከእኔ ይሰማል።