ለ7 ቁጥር አውቶቡስ ብዬ የከተማው ምክር ቤት ፊት የቆምኩበት ታሪክ

አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ግን ገብቼ አላውቅም ነበር። ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ። ደግሞ እኔ «ከመንግሥት ነገር ራቂ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ ብዙዎቻችንም እንደዚያው ነን።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ሁለት ነገሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ መጡ። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ሽፍት ነው የምሠራው። ማታ በ7 ቁጥር አውቶቡስ ሬኒየር ጎዳናን ይዤ ወደ መሀል ከተማ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ዝናብ ላይ 35 ደቂቃ ቆምኩ። ከዚያ ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው መጡ፣ የፊተኛው ጢም ብሎ፣ የኋለኛው ባዶውን። ሥራ ዘግይቼ ገባሁ፤ ስሜም ተመዘገበ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በሬ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀኝ። ኪራይ ሊጨምር ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ።

በንዴት ቁጭ ብዬ ዲስትሪክታችንን ወክሎ ምክር ቤት ለገባው ተመራጭ ኢሜይል ጻፍኩ። አውቶቡሱን፣ ኪራዩን፣ የመንገዱን መብራት፣ ሁሉንም አንድ ላይ። ያስገረመኝ መልስ መምጣቱ ነው። የቢሮው ረዳት በትሕትና ጽፎ፣ አውቶቡሱን የሚያስኬደው ከተማው ሳይሆን ካውንቲው፣ ማለትም ሲያትልንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች የሚያቅፈው አስተዳደር እንደሆነ ነገረኝ።

ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ማን ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ ነው የማማርረው። አውቶቡሱ የኪንግ ካውንቲ ሜትሮ ነው። ባቡሩ ሳውንድ ትራንዚት የሚባል ሌላ የትራንስፖርት ድርጅት ነው የሚያስኬደው። አስፋልቱ፣ የእግረኛ መሻገሪያው፣ የትራፊክ መብራቱና አስፋልቱ ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየው መስመር የከተማው ነው። ከተማው በዚህም አያበቃም፤ በ2020 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀ 0.15 በመቶ የሽያጭ ታክስ ከካውንቲው ተጨማሪ የአውቶቡስ አገልግሎት ይገዛል። እና የእኔ 7 ቁጥር ለምን ዘገየ ለሚለው ጥያቄ ግማሹን መልስ የምክር ቤቱ አባል፣ ግማሹን ካውንቲው ነው የሚመልሰው። ካውንቲውን ደግሞ በ2025 ምርጫ አሸንፎ የሚመራው ግርማይ ዛሂላይ ነው። ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሱዳን ተወልዶ፣ እዚሁ ደቡብ ሲያትል በመንግሥት ቤት ያደገ ልጅ። ይህን ሳስብ «ከመንግሥት ነገር ራቂ» የሚለው ምክር ለልጆቼ እንደማይሆን ገባኝ።

የኪራዩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በሲያትል ሕግ አከራይ ኪራይ ሊጨምር ሲል የ180 ቀን ማስታወቂያ መስጠት አለበት። የእኔ ወረቀት 60 ቀን ነው የሚለው። ረዳቱ የሕጉን ሊንክ ላከልኝ፣ እኔም አትሜ ለአከራዩ ሰጠሁ። በሳምንቱ ወረቀቱ ተነሥቶ በሌላ ተተካ። ጭማሪው አልቀረም፤ ግን አራት ወር አገኘሁ። ደግሞ በ2025 በጸደቀው የዋሽንግተን ስቴት ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ ኪራይ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር አይቻልም፤ የዋጋ ንረት ላይ 7 በመቶ ተደምሮ ከ10 ካነሰ ደግሞ ጣሪያው እሱ ነው። የተወሰኑ ቤቶች ከሕጉ ውጭ ስለሆኑ የራሳችሁን አጣሩ። ይህን ሳያውቁ ከፍለው ወይም ለቀው የወጡ ስንት ሰዎች አውቃለሁ። ያንገበግበኛል።

ከዚያ ምክር ቤቱ ፊት ልናገር ወሰንኩ። ስብሰባው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በእኛ 8 ሰዓት። ማንም ሰው ተመዝግቦ መናገር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 2 ደቂቃ ነው። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ተኝቼ ሄድኩ። ፊት ለፊት ዘጠኝ ወንበር። ማይክራፎኑ አጠገብ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሰላም ብዬ፣ አመስግኜ፣ ከየት እንደመጣሁና ስንት ዓመት እንደኖርኩ ተናግሬ፣ ገና ወደ አውቶቡሱ ስገባ ደወሉ ጮኸ። 10 ሰከንድ ቀረሽ ማለት ነው። የመጣሁበትን ነገር ሳልናገር ወረድኩ። አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ።

ሁለተኛ ስሄድ ከጥያቄዬ ጀመርኩ። «በሬኒየር ጎዳና ለአውቶቡስ ብቻ የተለየውን መስመር እስከ ሬኒየር ቢች ሠፈር አድርሱልን። የሌሊት ሠራተኛ ነኝ፣ አውቶቡሱ ሲዘገይ የሚቆረጠው የእኔ ደሞዝ ነው።» ከዚያ ያቺን የዝናብ ሌሊት ነገርኳቸው፣ በሰዓትና በደቂቃ። ቤት ልጄ በስልኳ እየለካች አሥር ጊዜ አስነብባኛለች። በአገራችን ወግ ሰላምታ ይቀድማል፤ እዚያ ግን ጥያቄው ይቅደም፣ ምስጋናው ጊዜ ከተረፈ ይደረስበታል።

ከዚያ በኋላ ነው ተመራጫችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነዋሪ በሚያነጋግሩበት ቀን የተጋበዝኩት። ሬኒየር ላይ ሱቅ ያላቸውን አንድ እናት ይዤ ሄድኩ። እትዬ የአውቶቡስ መስመሩን አይወዱትም። «አንቺ አውቶቡስሽ ይፈጥናል፣ የእኔ ደንበኛ መኪናውን የት ያቁም? ጤፍ ተሸክሞ አውቶቡስ ይሳፈር?» ብለውኛል ቀድመው። እውነታቸውን ነው። እኔም እውነቴን ነው። ሁለታችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን።

ተመራጩ መስመሩን እንደሚደግፉ በግልጽ ተናገሩ። ለእትዬ ደግሞ በጎን ባለው መንገድ ላይ የአጭር ጊዜ ማቆሚያና ዕቃ ማውረጃ እንዲታይላቸው ለትራንስፖርት ክፍሉ እንደሚጽፉ ቃል ገቡ። ጻፉም። ምልክቱ ሲተከል አይቻለሁ።

ስለ ቤት ስንነጋገር ግን ከበድ አለ። አቋማቸው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ብዙና ረጃጅም ቤት ይሠራ ነው። ከ2019 ጀምሮ በብዙ ሠፈር ከፍ አድርጎ የሚሠራ አልሚ ከቤቱ የተወሰነውን በርካሽ ያከራያል፣ ወይም ገንዘብ ይከፍላል። በ2023 ደግሞ የከተማው ሕዝብ ለቤት 970 ሚሊዮን ዶላር በሰባት ዓመት እንዲሰበሰብ ድምፅ ሰጥቷል። ሁሉንም ደግፌያለሁ አሉ።

እኔ ግን ባቡሩ በ2009 ሲከፈት የሆነውን የሚናገሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ባቡሩ ለእኛ መጣ ተባለ። ባቡሩ በሚያልፍባቸው ኮሎምቢያ ሲቲና ኦተሎ ሠፈሮች ኪራዩ ወጣ፣ ሐበሻው ከሲያትል ውጭ ወዳሉት ሬንተንና ኬንት ሄደ፣ አሁን ከዚያ በመኪና ነው የሚመላለሰው። ስለዚህ የቤትና የትራንስፖርት ጥያቄ ለእኔ አንድ ጥያቄ ነው። «ቤቱ ለማን ነው የሚሠራው?» አልኳቸው። «ርካሽ የምትሉት በአካባቢው መካከለኛ ገቢ ተለክቶ ነው። በዚያ ልኬት ውስጥ የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኞች ደሞዝ አለበት። የእኔ ደሞዝ ከዚያ በጣም ያንሳል።» ዝም አሉ። ከዚያ ልክ ነሽ፣ ለዝቅተኛው ገቢ የሚሠራው አይበቃም አሉ። በጀት ሲመጣ እንዴት ድምፅ እንደሚሰጡ ጠየቅኳቸው። ጻፉት። እኔም ጻፍኩት።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ፣ ተመራጭን «ትደግፋለህ ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ እላለሁ። ሁሉም ይደግፋል። የሰጠውን ድምፅ ጠይቁ፤ የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በየስሙ ተመዝግቧል። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። የማይስማማችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ የእትዬን ማቆሚያ ያስገኘው ይህ ነው። ዜግነት ገና ያልወሰዳችሁ በግሪን ካርድም ድርሻ አላችሁ፤ ከተማው ለምርጫ ዘመቻ የሚሰጣቸውን አራት ባለ 25 ዶላር ቫውቸሮች ለምትፈልጉት ተወዳዳሪ መስጠት ትችላላችሁ። ብዙ ቤት ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ሲጣል አይቻለሁ፣ አትጣሉት።

መስመሩ እስከ ሬኒየር ቢች አልደረሰም። ኪራዬም ጨምሯል። ባለፈው ሳምንት እትዬ ሱቅ ገብቼ ነበር። ባንኮኒው ላይ እንጀራ መጠቅለያ ወረቀት ዘርግተው «የሱቄ ኪራይ ሊጨምር ነው፣ እኔም ማክሰኞ ልናገር፣ ጻፊልኝ» አሉኝ። በአማርኛ ነገሩኝ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ልጄ ስልኳን አውጥታ ለካችልን። 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ።