ሻንቱን ያላለፈ አምፔር አይቆጠርም

ሰው ሶላር ሲያስገባ ፓነልና ባትሪ ላይ ይከራከራል። ባትሪው ውስጥ የገባውንና የወጣውን አምፔር ቆጥሮ ስንት እንደቀረ የሚያሳይ ባትሪ ሞኒተር ጨምር ስትለው ፊቱ ይጠቁራል። «ኢንቨርተሩ ላይ ቮልቱ ይታይ የለ እንዴ?» ይልሃል። ይታያል። ግን ሥራ ላይ ያለ ባትሪ ቮልቱ ያታልላል። የፍሪዘሩ ሞተር ሲነሳ ዝቅ ይላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትመታው ደግሞ 13.4 ይልና ሌሊቱን የተሟጠጠው ባትሪ የሞላ ይመስላል። እውነቱን ለማየት ባትሪው ሳይሞላም ሳይጎድልም ለጥቂት ሰዓት ማረፍ አለበት። ያኔ 12.7 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሽ። ዓሣ የሚያቀዘቅዝ ሰው ግን ባትሪውን የሚያሳርፍበት ሰዓት የት አለው?

ሰሞኑን ዘጌ ላይ የሠራሁት ለእንዲህ ዓይነት ሰው ነው። ጋሼ ነው የምላቸው። ከአጥማጆች ቀረሶና አምባዛ ተረክበው ባሕር ዳር ላሉ ምግብ ቤቶች ያደርሳሉ። ጣና በበለስ በኩል 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል፤ እዚሁ ዳሩ ላይ ግን መብራት ሲሄድ ዓሣ ይበላሻል። ምን ይባላል! ዘጌ የቡና ጫካ ስለሆነ ጥላው ብዙ ነው። ፓነሎቹ ግልጥ ወዳለው ወደ ውሃው በኩል ወጥተዋል። ባትሪዎቹ አራት ባለ 200 አምፔር ሰዓት ጄል ናቸው፣ በፓራሌል የታሰሩ። ቮልቱ ያው 12 ነው፣ አቅሙ ተደምሮ 800።

ሻንት ማለት ኔጌቲቩ ገመድ ላይ የሚገባ፣ ሞኒተሩ አምፔሩን የሚያነብበት ብረት ነው። የግቢ ዘበኛ ነው በሉት። የገባውንም የወጣውንም ይቆጥራል። የጓሮ በር ካለ ግን ቆጠራው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ኔጌቲቭ ገመዶቹን አንድ በአንድ ተከተልኳቸው። ሦስተኛው ባትሪ ላይ ቀጭን ጥቁር ሽቦ አገኘሁ። በግድግዳው ቀዳዳ ወጥቶ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን አሰረው?»

«የቱን? እኔ እንጃ ልጄ።»

ልጃቸው በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ለካ የጎረቤት ስልክ ቻርጅ የሚያደርግበትን ሰሌዳ ያሰረው እሱ ነው። በዚያ ሽቦ የሚወጣውን ሞኒተሩ አያየውም። ባትሪው እየጎደለ ስክሪኑ ሙሉ ነኝ ይል ነበር።

ሌላው ችግር ዋናው አስተሳሰር ነበር። ፊት የሠራው ሰው ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም ከመጀመሪያው ባትሪ ላይ አውጥቶታል። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ይደክማል፣ አራተኛው ይዝናናል። ፖዘቲቩን ከአንዱ ጫፍ፣ ኔጌቲቩን ከሌላው ጫፍ ማውጣት ይሻላል። ባትሪው አራት ሲሆን ግን እኔ ባስ ባር፣ ማለትም ገመዶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበትን የብረት ዘንግ ነው የምመርጠው። ከእያንዳንዱ ባትሪ እኩል ርዝመትና እኩል ውፍረት ያለው ገመድ፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ፊውዝ። ገመድ ሲተርፍ ይቆረጥ የሚል ሰው አያጣም። አይቆረጥም።

መጀመሪያ ፓነሉን አጠፋሁ፣ ቀጥሎ ባትሪውን ፈታሁ። ቅደም ተከተሉ ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረውን ቻርጅ ኮንትሮለር ከመቃጠል ያድናል። ሀብልና ቀለበት ይወልቃል፣ የቁልፉ እጀታ በፕላስተር ይጠቀለላል። የአራቱ ባትሪዎች ኔጌቲቭ ከተሰበሰበበት ባስ ባር አንድ ወፍራም ገመድ ብቻ ወደ ሻንቱ የባትሪ ወገን ይሄዳል። በሌላው ወገን ኢንቨርተሩ፣ ኮንትሮለሩ፣ አምፖሎቹ፣ የስልክ ሰሌዳውም ሳይቀር ይታሰራሉ። ከፖዘቲቭ ወደ ሻንቱ የምትመጣው ቀጭን ቀይ ሽቦ ፊውዟ ባትሪው አጠገብ መሆን አለበት። ሻንቱ ባለ 500 አምፔር፣ 50 ሚሊቮልት ነው። 50 አምፔር ሲያልፍበት 5 ሚሊቮልት ብቻ ይፈጠራል፣ ሞኒተሩ የሚያነበው እሷን ነው። ብሎኑ ከላላ ሙቀቱም ስህተቱም ይመጣል። የሐይቅ ዳር እርጥበት ስላለ ተርሚናሎቹን ካጠበቅሁ በኋላ ቫዝሊን ቀባኋቸው።

ቅንብሩ ላይ ሰው ይቸኩላል። አቅም 800 ብሎ መሙላት ቀላል ነው፤ ባትሪው ካረጀ ግን መቀነስ አለበት። የሚከብደው «ሞላ» የሚባልበትን መወሰን ነው። ሞኒተሩ ቮልቱ ከፍ ብሎ የሚገባው አምፔር ዝቅ ሲል 100 ፐርሰንት ብሎ ይመዘግባል። ይህ ዝቅታ ብዙ ጊዜ የአቅሙ 4 ፐርሰንት ተደርጎ ይመጣል። ለ800 ይህ 32 አምፔር ነው። የጋሼ ፓነሎች ጥሩ ፀሐይ ላይ እንኳ ከ40 ብዙም አያልፉም። ክረምት ላይ ደመና ሲመጣ አምፔሩ የሚወርደው ባትሪው ሞልቶ ሳይሆን ፀሐይ አጥቶ ነው። ስለዚህ ወደ 2 ፐርሰንት አወረድኩት፣ ሞላ ከማለቱ በፊት የሚጠብቀውን ደቂቃም አረዘምኩ። ባትሪዎቹ በደንብ እስኪሞሉ ጠብቄ 100 አስያዝኩት።

አንድ ነገር ግን ሞኒተሩ አይነግራችሁም። 40 አምፔር ይወጣል ይላል፤ ከየትኛው ባትሪ ስንት እንደሚወጣ አያውቅም። በፓራሌል ቮልታቸው አንድ ስለሆነ ቴስተርም አይለየውም። ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ሜትር ያስፈልጋል፣ ያውም የባትሪን ኃይል፣ ዲሲን የሚለካ። ገበያ ላይ ርካሾቹ አብዛኞቹ ኤሲ ብቻ ስለሆኑ ሳትፈትሹ ብር አትክፈሉ። ፍሪዘሩን አስነስቼ የአራቱንም ገመድ ለካሁ፤ ሁሉም አሥር አካባቢ ናቸው። አንዱ አራት፣ ሌላው አሥራ አምስት ቢል ኖሮ ወይ ላላ ብሎን፣ ወይ የደከመ ባትሪ አለ ማለት ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት እንደገና እለካዋለሁ።

ማታ ላይ ልጁ ሰሌዳውን ሰካ። ስክሪኑ ላይ 6 አምፔር ተጨመረ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ይሄ ሁሉ ለስልክ ነው?»

በማግስቱ የአንድ ስልክ ቻርጅ ዋጋ ጨመረ።